የጥራት ኦዲት ሲመጣ ምን ይታያል?

“ኦዲተሮች ሊመጡ ነው” የሚለው ወሬ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ግቢ ሲደርስ የሚከተለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ግድግዳ ይቀባል፣ የራዕይና የተልዕኮ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ለዓመታት ያልተያዘ ቃለ ጉባኤ በአንድ ሳምንት ተጽፎ ይፈረማል። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በቤቴልና በአየር ጤና አካባቢ ባሉ የግል ኮሌጆች ሳስተምርና በጥራት ማረጋገጫ ሥራ ላይ ስሳተፍ ይህንን ሩጫ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለመሆኑ ኦዲቱ የሚፈልገው ምንድን ነው? ዝግጅቱስ ከየት ይጀምራል?

ፈቃድና ኦዲት ይለያያሉ

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርትን ጥራት ከውጭ ሆኖ የሚመዝን አካል በሕግ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ነው። የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ይህ መሥሪያ ቤት በ2000 ዓ.ም አካባቢ እንደ ጅማና ሐረማያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተቋማዊ የጥራት ኦዲት አካሂዶ ሪፖርቶቹን ይፋ አድርጓል። ዛሬ ኃላፊነቱ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ብዙ ሰው የዕውቅና ፈቃድን ከኦዲት ጋር ያምታታል። የዕውቅና ፈቃድ በአንድ የትምህርት መስክ ለማስተማር የሚሰጥ ነው፤ መምህሩ፣ ላቦራቶሪውና መጻሕፍቱ ዝቅተኛውን መስፈርት ማሟላታቸው ይታያል። ኦዲት ግን ተቋሙን በሙሉ ይፈትሻል። ጥያቄውም ሁለት ነው፦ እንሠራዋለን ያላችሁትን እየሠራችሁ ነው ወይ? መሥራታችሁንስ በምን ታውቃላችሁ?

ኤጀንሲው ለዚህ አሥር የትኩረት መስኮች አውጥቶ ነበር። እነርሱም ራዕይና ተልዕኮ፣ አስተዳደር፣ መሠረተ ልማትና የመማሪያ ግብዓት፣ የሰው ኃይል፣ የተማሪዎች ቅበላና ድጋፍ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ መማር ማስተማርና ምዘና፣ የተማሪዎች ዕድገትና የተመራቂዎች ውጤት፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ በመጨረሻም የውስጥ ጥራት ማረጋገጫ ናቸው። ተቋሙ በመጀመሪያ ራሱን ገምግሞ ሰነድ ያቀርባል። የገምጋሚዎች ቡድን ሰነዱን አንብቦ ለጥቂት ቀናት ግቢው ይገባል፣ መዛግብት ያገላብጣል፣ ኃላፊዎችን፣ መምህራንንና ተማሪዎችን ለየብቻ ያነጋግራል። ከዚያም ጠንካራና ደካማ ጎኖችን የያዘ ሪፖርት ይወጣል፤ ተቋሙም የማሻሻያ ዕቅድ ያዘጋጃል።

ወረቀቱ የሚናገረው

የኦዲቱ ጉልበት ያለው ይህ “ለየብቻ” የሚለው ላይ ነው። ዲኑ “ደካማ ተማሪዎችን በማጠናከሪያ ትምህርት እንደግፋለን” ካሉ ቡድኑ መምህሩን “በሳምንት ስንት ሰዓት?” ይለዋል፤ ተማሪዋንም “መቼ ተሰጥቶሽ ያውቃል?” ብሎ ይጠይቃታል። ሦስቱ መልሶች ካልተገናኙ በቀለም የሚሸፈን ነገር የለም። ተማሪን መልስ አስጠንቶ ማቅረብም አያዋጣም፤ አሥር ተማሪ በአንድ ቃል ሲመልስ ማንም ይነቃል።

ሌላው ምስክር የፈተና ወረቀት ነው። አንድ የሒሳብ አያያዝ ኮርስ “ተማሪው የሒሳብ መግለጫ ማዘጋጀት ይችላል” የሚል ዓላማ አለው እንበል። የሦስት ዓመት የማጠቃለያ ፈተናዎች ከኮርሱ ዝርዝር ጎን ሲቀመጡ ሁሉም እውነት ወይም ሐሰት በሉና ምርጫ ሆነው ከተገኙ፣ ተማሪው መግለጫ ማዘጋጀት መቻሉን ተቋሙ አያውቅም ማለት ነው። ጥያቄው ሳይለወጥ ቀኑ ብቻ ከተቀየረማ ነገሩ የባሰ ይሆናል።

ሦስተኛው የተማሪዎች አስተያየት መስጫ ቅጽ ነው። በየሴሚስተሩ ይሞላል፣ ይታሰራል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ገምጋሚው የቅጹን ብዛት አይቆጥርም። “በዚህ አስተያየት መነሻነት ምን ለወጣችሁ?” ይላል። አንድ መምህር ሥልጠና ማግኘቱን፣ አንድ ኮርስ መሻሻሉን የሚያሳይ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ ካልተከፈተ ሺህ ቅጽ የበለጠ ዋጋ አለው።

ከየት ይጀመር?

የኮሌጅ ባለቤቶች “ሕንፃው የኪራይ ነው፤ መምህሩ በአንድ ቀን ሦስት ኮሌጅ የሚዞር የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ ነው፤ ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል?” ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከላይ የጠቀስኳቸው ነገሮች ከገንዘብ ይልቅ ልማድ የሚጠይቁ ናቸው። ፈተና ከመታተሙ በፊት ሌላ መምህር ይየው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የኮርሱ ዝርዝር፣ ፈተናውና ውጤቱ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። አስተያየቱ ላይ ትምህርት ክፍሉ ተወያይቶ ውሳኔውን በዚያው ዕለት ይጻፍ። የራስ ግምገማ ሰነዱም ድክመትን ደፍሮ ይናገር፤ ተቋሙ ራሱ ያመነውና ዕቅድ ያወጣለት ጉድለት፣ ገምጋሚው ፈልጎ ከሚያገኘው የተደበቀ ጉድለት ይሻላል። ይህ ሁሉ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት መጀመር አለበት። ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀር መባከን ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

ኦዲቱን በብልጠት ያለፈ ተቋም ሒሳቡን በተማሪው ላይ ያሳድራል። በ2015 ዓ.ም አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በሁሉም መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ማለፊያው 50 በመቶ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር በገለጸው ውጤት መሠረት ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማው ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ግን ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከወደቁት መካከል ወላጆቻቸው ከጉሮሯቸው ነጥቀው የከፈሉላቸው፣ ቀን እየሠሩ ማታ የተማሩ አሉ። የትምህርቱን ጉድለት እነርሱ ያወቁት አራት ዓመት ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው። ኮሌጁ ግን የፈተና ወረቀቱን ከኮርሱ ዓላማ ጎን አስቀምጦ ቢያይ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያውቀው ይችል ነበር።

ስለዚህ ልጅዎን ለማስመዝገብ ወደ አንድ ኮሌጅ ሲሄዱ የዕውቅና ፈቃዱን ብቻ አይተው አይመለሱ። “ባለፈው ዓመት ራሳችሁን ስትገመግሙ ምን ጉድለት አገኛችሁ? ምንስ አስተካከላችሁ?” ብለው ይጠይቁ። “ምንም ጉድለት የለብንም” ካሏችሁ ሌላም ኮሌጅ ጠይቁ።