እናትን ይዞ ባንኮክ

የ71 ዓመት እናታችንን ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ባንኮክ ለመውሰድ ስንወስን፣ እኔና ወንድሞቼ ለሳምንታት ያወራነው ስለ ገንዘብና ስለ ትኬት ብቻ ነበር። አንድ ማታ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ እናቴ ሲኒውን አስቀመጠችና “ለመሆኑ እዚያ ሰው አገር ብሞትስ?” አለችን። ሁላችንም ዝም አልን።

በማግስቱ ይዘናት ወደ ሐኪሟ ሄድን። የቀዶ ሕክምናው አደጋ ምን ያህል እንደሆነ እርሷ ባለችበት ጠየቅን። የት መቀበር እንደምትፈልግም ራሷ ነገረችን። ከዚያ በኋላ ቀለል አላት፤ እኛም ዕቅዱን እርሷን እየጠየቅን እንደገና ጀመርን። ወላጅ ይዛችሁ ለምትሄዱ ከዚያ ያገኘነውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ክትባት። ታይላንድ ከኢትዮጵያ ከሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ነገር ግን ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከተቡ ሰዎች፣ ከባድ ጉዳት የማስከተል ዕድሉ ከወጣቶች ይበልጣል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። መከተብ የለባቸውም ከተባለ ደብዳቤ አጽፉ፤ ተቀባይነት እንዳለውም ቪዛ ስትጠይቁ አረጋግጡ።

ወቅቱንም ምረጡ። ባንኮክ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቷ ይበረታል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው። ለአረጋዊ የሚስማማው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው።

ማረፊያ ስትይዙ ከዋጋው በፊት ከሆስፒታሉ ያለውን ርቀት ጠይቁ። የከተማዋ የመኪና መጨናነቅ አጭሩን መንገድ የሰዓት ያደርገዋል። በሰማይ ላይ የሚሄደው ባቡር ፈጣን ቢሆንም ጣቢያዎቹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሊፍት ያለበትን በር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በሱኩምቪት መንገድ ሶይ 3 አካባቢ የአረብና የአፍሪካ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እንጀራም ይገኛል። መንገድ ስታቋርጡ ግን እጃቸውን ያዙ። እዚያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ከቀኝ ነው።

ሌላው የእናቴ ጭንቀት ጾም ነበር። የንስሐ አባቷን ከመሄዳችን በፊት አማከረች። የታይ ምግብ አትክልት ብቻ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ይገባበታል። “ጄ” የሚባለው ምግብ ግን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለውም፤ ቢጫ መደብ ላይ በቀይ በተጻፈ ምልክት ይታወቃል። በርበሬያቸው ለእኛም ስለሚበረታ “ማይ ፔት” ማለትን ልመዱ፤ አታቃጥሉት ማለት ነው።

ያላሰብነው ችግር የገጠመን ሆስፒታል ውስጥ ነው። ነርሶቹ መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት ስምና የልደት ቀን ይጠይቃሉ። እናቴ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርታ የምትመልሰው ግን በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው የፈረንጅ ነው። ታይላንዶች ደግሞ የራሳቸው አላቸው፤ የፈረንጆቹ 2025 ለእነርሱ 2568 ነው። ቀኑን በትልልቅ ቁጥር ጽፈን አንገቷ ላይ አንጠለጠልንላት። የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ስታነቡም የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ።

የዘወትር መድኃኒታቸውን ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ያዙ። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት እዚያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ቀድማችሁ አጣሩ። ባንኮክ ከእኛ በአራት ሰዓት ስለምትቀድም የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

በመጨረሻም ለእነርሱ ደስታ የሚሆን አንድ ቀን ተዉ። እኛ እናታችን ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ በጀልባ ወሰድናት። ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ከፊት ለፊቷ ቢጫማ ልብስ የለበሱ የቡድሃ መነኮሳት ነበሩ። ረጅም ሰዓት አየቻቸውና “የእኛም ባሕታውያን ቢጫ ይለብሳሉ እኮ” አለች። ቆየት ብላም “ለካ እዚህም የሚጸልይ ሰው አለ” አለችኝ። ያን ሌሊት ከአዲስ አበባ ከተነሳን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትነቃ አደረች።