ሁለተኛው ጉዳት አልጋ ላይ ነው

ዘነበወርቅ ሲባል ብዙ አዲስ አበቤ የሚያስታውሰው የሥጋ ደዌ ሕክምናን ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ የነበረው ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ለተመሠረተው አለርት መነሻ ሆኗል። ዛሬ በዚያው ግቢ የአደጋ ሕክምናም ይሰጣል፤ መኪና የገጨው፣ ከሕንፃ የወደቀ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ይዘውት ይመጣሉ።

የጭንቅላት አደጋ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የመጀመሪያው ምት መንገድ ላይ አልፏል፤ ማንም ሐኪም አይመልሰውም። ሁለተኛው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ፣ ሕመምተኛው አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ይመጣል። የራስ ቅል አይለጠጥም። ውስጡ አንጎል፣ ደምና ፈሳሽ አሉ፤ አንጎል ሲያብጥ ወይም ደም ሲቋጥር ሌሎቹ ቦታ ይለቃሉ፤ የሚለቁት ሲያልቅ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ያሻቅባል፣ ደምም ወደ አንጎል መድረስ ያቅተዋል። ፅኑ ሕሙማን ክፍል ቀንና ሌሊት የሚጠብቀው ይህንን ነው።

ግፊቱን በቀጥታ ለመለካት የራስ ቅል ተበስቶ ቀጭን ቱቦ አንጎል ውስጥ ወዳለው የፈሳሽ ክፍተት ይገባል። ስዊድናዊው ኒልስ ሉንድበርግ በዚህ መንገድ ያለማቋረጥ የመዘገበውን ውጤት በ1960 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ቱቦው ይለካል፣ ሲያስፈልግም ፈሳሹን ያወርዳል። የአዋቂ ሰው ግፊት በተለምዶ ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም፤ ከ22 ካለፈ መታከም አለበት። ትልቁ ቁም ነገር ግን ስሌቱ ላይ ነው፦ ከአማካይ የደም ግፊት የአንጎሉ ግፊት ይቀነሳል። 80 ላይ ያለ አማካይ የደም ግፊት ደህና ይመስላል፤ የአንጎሉ ግፊት 25 ከሆነ ግን አንጎሉን የሚመግበው 55 ብቻ ነው። የሚፈለገው ከ60 እስከ 70 ነው።

ቱቦው በሌለበትስ? በ2012 እ.ኤ.አ. በቦሊቪያና በኢኳዶር 324 ሕመምተኞች የተካተቱበት ጥናት ታተመ። ግማሾቹን አንጎል ውስጥ በሚገባ የግፊት መለኪያ መሣሪያ፣ ግማሾቹን በሲቲ ስካንና በተደጋጋሚ ምርመራ ተከታተሏቸው፤ በውጤታቸው የጎላ ልዩነት አልታየም። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው መሣሪያው አያስፈልግም» ማለት አደገኛ ስሕተት ነው። መሣሪያው ያልገባላቸውም አልተተዉም፤ በጥብቅ መርሐ ግብር ይመረመሩና ይታከሙ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው መሣሪያው እስኪመጣ ድረስም ሆነ ከመጣ በኋላ፣ አንጎልን የሚጠብቀው በየሰዓቱ አልጋው ዘንድ የሚደርስ ነርስ መሆኑን ነው። ለእያንዳንዱ ነርስ የሚደርሰው የሕመምተኛ ቁጥር ያሳስበኛል።

ነርሷ በየሰዓቱ የምትሠራው ቀላል ይመስላል። ሕመምተኛውን በስሙ ትጠራዋለች፤ ካልመለሰ ጥፍሩን ጫን ትላለች፤ ዐይኑን መግለጡን፣ መናገሩን፣ እጁን ማንቀሳቀሱን አይታ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ትሰጣለች። ይህ በ1974 እ.ኤ.አ. ከግላስጎው የወጣው መለኪያ ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። ከዚያ በባትሪ ብሌኖቹን ታያለች። አንዱ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን ካልመለሰ ሐኪም በሩጫ ይጠራል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያና የክንድ ደም ግፊት መለኪያም ያው የአንጎል ጠባቂዎች ናቸው፤ ከአደጋው በኋላ የኦክስጅን ወይም የደም ግፊት መውረድ ብዙ ሰው ይገድላልና።

አስታማሚም ድርሻ አለው። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ የሕመምተኛው አንገት ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። በአዘኔታ ትራስ ሲደራረብ አንገቱ ከታጠፈ፣ ከጭንቅላት የሚወርደው ደም መውጫ ይጠበዋል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ ትራስ ከመንካት በፊት ነርሷን ይጠይቁ።