ቦውሊንግ በጉልበት ብቻ አይሆንም

በይፋት ቆላ፥ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት፥ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ወፍ ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ያሽከረክራል። ይህን ሥራ ልብ ብሎ ያየ ሰው ድንጋዩን ካሰቡት ቦታ የሚያደርሰው የክንድ ብርታት ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። ገመዱ በጊዜው ከተለቀቀ ድንጋዩ በቀጥታ ይሄዳል፤ ጥቂት ከዘገየ ግን የጐበዝ ውርወራ እንኳ ወደ ጐን ይወድቃል። በአዲስ አበባ ቦውሊንግ የሚጫወቱ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞችም ይህንኑ ጥበብ ቢይዙ ይጠቀማሉ።

ቦውሊንግ በአገራችን ገና ያልተስፋፋ ጨዋታ ነው። በአዲስ አበባ በላፍቶ ሞል መጫወቻ ከተከፈተ ወዲህ ግን የቀመሱት ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ በኃይል ስለሚወረውሩ ኳሱ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ የከፈሉትም ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳስበው የእጅ አንጓ ነው። ሰኞ ብዕር የሚይዝ እጅ እሑድ በጨዋታ መጐዳት አይገባውም።

የጨዋታው ደንብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 በኒው ዮርክ በተቋቋመው በአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግሬስ አንድ ወጥ እንዲሆን ተደርጓል። ከመወርወሪያው መሥመር እስከ ፊተኛው እንጨት 18.29 ሜትር ነው። ዐሥሩ እንጨቶች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ፤ የእያንዳንዱም ቁመት 38 ሳንቲ ሜትር ነው። ተጫዋቹ 10 ተራ ይጫወታል። ዐሥሩን በአንድ ኳስ ከጣለ ስትራይክ፥ የተረፉትን በሁለተኛው ከጨረሰ ስፔር ይባላል። ከፍተኛው ውጤት 300 ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚስማማ ኳስ ይመረጥ። ደንቡ እስከ 7.26 ኪሎ ግራም ቢፈቅድም፥ ለመታየት ሲባል ከባዱን ማንሣት ሞኝነት ነው። አውራ ጣት ኳሱን ጨምድዶ ለመያዝ ከተገደደ ቀዳዳው ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ይፈለግ።

ቀጥሎ እርምጃው ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው በአራት እርምጃ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀኝ እግሩን ሲያራምድ ኳሱን ወደ ፊት ይገፋል፤ በሁለተኛው ኳሱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ በሦስተኛው ወደ ኋላ ይወጣል፤ በአራተኛው ግራ እግሩ እየተንሸራተተ ኳሱ ይለቀቃል። ክንዱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ይወዛወዝ እንጂ አይግፋ፤ ሥራውን የሚሠራው የኳሱ ክብደት ነው።

ዓይንም ቦታ አለው። ጀማሪ ሩቅ ያሉትን እንጨቶች ያያል፤ የለመደ ግን ወለሉ ላይ በቅርብ የተሣሉትን ሰባት ቀስቶች ይመለከታል፤ ቅርቡን መምታት ይቀላልና። ኳሱ ፊተኛውን እንጨት ፊት ለፊት ከመታው ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ያሉት ተለያይተው ይቀራሉ። ስለዚህ ቀኝ እጅ ተጫዋች በአንደኛውና በሦስተኛው እንጨት መካከል ያነጣጥር። ኳሱ ከታሰበው ወደ ግራ ከሄደበት፥ ቀስቱን ሳይለውጥ አቋቋሙን ጥቂት ወደ ግራ ያዛውር፤ ወደ ቀኝ ከሄደበትም ወደ ቀኝ።

የራሱ ኳስ ያለው ደግሞ ይጠብቀው። ወለሉ ዘይት ስለሚቀባ ኳሱ ዘይቱን ይዞ ይመለሳል፤ በተለይ ሬዚን የተባለው የዘመኑ ልባስ ዘይት ይመጣል። ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ካልተጠረገ ወለሉን የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ከዚህም የሚብሰው ሙቀት ነው። ከጣርማ በር ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለሥራ የሚሄድ ሰው ኳሱን በመኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶት ቢውል፥ የውስጡና የውጪው ክፍል እኩል ስለማይለጠጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥላ ባለበት ቤት ያኑረው።

ጫማውም ለመጫወቻው ብቻ ይሁን። የሚንሸራተተው ሶል ጥቂት ውሃ ከነካው እግሩ ድንገት ይያዝና ሰውየው በአፍጢሙ ይደፋል።

በእረፍት ቀን መጫወት ለአካልም ለአእምሮም መልካም ነው። ቢሆንም ያለ ትዕግሥት የተያዘ ጨዋታ ከማዝናናት ይልቅ ያደክማል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ስንት እንጨት እንደወደቀ ከመቍጠር በፊት እርምጃችሁን አስተካክሉ፤ እንጨቶቹ በኋላ ይወድቃሉ።