ያልተቀደዱ ገጾች



ከተማሪዎቼ አንዷ ስለ ጥምቀት በዓል ግጥም ጽፋ እንድታመጣ ነግሬአት ነበር። ደብተሯን ይዛ መጣች፤ ነገር ግን ከሽፋኑና ከጥቂት ቅጠል በቀር የተረፈ የለም። «ምን ሆኖ ነው?» ብላት «መምህር፣ የጻፍሁት ሲያስጠላኝ እየቀደድሁ ጣልሁት። ለመሆኑ ደራሲዎችም እንደኔ ያቅታቸዋል እንዴ?» አለችኝ። ያን ዕለት ሰዓቱ አልቆ ስለ ነበረ ተገቢውን መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ ልመልስላት።

በመጀመሪያ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረውን ቅዱስ ያሬድን እንመልከት። በልጅነቱ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ መዝሙረ ዳዊት ሊማር ገባ፤ ትምህርቱ ግን አልያዘው አለ። መምህሩ ቢገርፈው ጠፍቶ ሄደ። ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር፣ ሲወድቅ፣ እንደ ገና ሲጀምር አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከላይ ደረሰ ይባላል። ይህን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የምናወራውም ስለ ትሉ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ልጁ ተነሥቶ ወደዚያው ወደ ገረፈው መምህር ተመለሰ። (ግርፋቱን እንኳ አላመሰግንም።) አንድ መዝሙር መያዝ ያቃተው ያ ልጅ በኋላ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። ዛሬም በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የምንዘምረው ከእርሱ የተቀበልነውን ነው።

አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም እንዲሁ ነበር። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገብቶ ሲማር ሰባት ዓመት ያህል ትምህርቱ አልገባህ አለው። ጓደኞቹ ሲያልፉት እርሱ ለገዳሙ እህል ይፈጭ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ታናናሾቹ ዳዊት ሲደግሙ እየሰማ ወፍጮ ላይ መዋል! በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ይጸልይ እንደ ነበረ፣ እርሷም ጥበብን እንደ ሰጠችው ይነገራል። መጽሐፈ ሰዓታትን፣ መጽሐፈ ምስጢርን፣ ኆኅተ ብርሃንን፣ ውዳሴ መስቀልን የጻፈው ያ ወፍጮ ፈጪ ነው። ሌሊት ሰዓታት ሲቆም የምትሰሙት ዜማ የማን ድርሰት እንደ ሆነ አሁን ዐወቃችሁ።

በዚያ ዘመን ደግሞ በአገራችን የሚጻፈው በወረቀት አልነበረም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ብራና ይሆናል። ጸሐፊው የመቃ ብዕሩን በጥቁር ቀለም እየነከረ ይጽፋል፤ የቅዱሳንን ስም በቀይ ያደምቃል። ሲሳሳትስ? ፊደሉን በስለት ፍቆ ያርመዋል። አንድ መስመር ቢዘልል ምልክት አድርጎ ከኅዳጉ ላይ ይጨምረዋል። በአሮጌ ብራናዎች ላይ እንዲህ ያለ እርማት ይታያል። ያን ያህል የተደከመበትን ቆዳ ማን ይቀድዳል?

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁን ላንሣ። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱ የቄስ ልጅ ናቸው፤ እንደናንተው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ተዋግተው ተማረኩ፤ ወደ ጣሊያን አገር ተወስደውም ዓመታት ታሰሩ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ሥራ ብዙ ደከሙ። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜአቸውን እናንተው ደምሩት። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ደራሲው በልጅነታቸው ያዩትን ኑሮ አልረሱትም ማለት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ማንበብ የማይችሉ ሰዎች እንኳ ሰምተውታል። እርሳቸው ግን በዚያ አላቆሙም፤ ወንጀለኛው ዳኛን በ1974፣ የልም እዣትን በ1980 ዓ.ም. አሳተሙ።

ለዚያች ተማሪዬም ይህንኑ ነግሬአት አዲስ ደብተር ሰጠኋት። የማይጥማትን መስመር በአንድ ሠረዝ ብቻ እንድትሰርዝ፣ ቅጠሉን ግን እንዳትነካ ተስማማን። እናንተም ለሚመጣው እሑድ ስለ አጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። ከነስርዙ አምጡት፤ እኔ የምፈልገው ስርዙንም ጭምር ነው።