ማንም የማይሻማው ሸክላ

በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ የወጡት ሸክላዎች ብዛት ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። የዘመኑን ሙዚቃ ለዓመታት ሲያጠና የኖረው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1961 እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ አምስት መቶ የማይሞሉ ባለ45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ 30 የሚጠጉ ትልልቆች እንደወጡ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣ፣ ሸክላ ቀረ። ሁሉም ቢሰበሰቡ እንግዲህ አንድ ቁም ሳጥን ይበቃቸዋል። ይህን ያህል ጥቂት ነገር አሰባስቦ ማስቀመጥ ለአንድ አገር ከባድ ሊሆን አይገባም፤ የሚያከራክረው ከየቱ ይጀመር የሚለው ነው። እኔ የምለው ገበያው ከናቃቸው፣ ማለትም ከክራር ዘፋኞቹ፣ ከእነሱም ከአስናቀች ወርቁ ይጀመር ነው።

ገበያው የሚያሳድደው ሌላ ነው። ስለ ሸክላ ሲወራ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አሳታሚ አምሐ እሸቴ የአገር ፍቅር ማኅበር በሸክላ ሥራ ላይ የነበረውን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ በ1961 ዓ.ም. የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ፒያሳ ሀራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረው። ዛሬ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እንዲህ ያለውን፣ መለከትና ሳክስፎን የሞላበትን ነው። የዋሊያስ ባንድ «ጨ በለው» የመጀመሪያ እትም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ተሽጧል። በዚህ አልፈርድም፤ ባንድ ለመስማት አማርኛ ማወቅ አያስፈልግም። ክራር ግን ግጥም ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ቅኔው ያልገባው ሰው ከአስናቀች የሚሰማው ግማሹን ነው፤ በግማሽ ለሚሰማ ነገር ደግሞ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል የለም። ውጭ አገር ዋጋ ያላገኘ ሸክላ አገር ቤትም ጠባቂ ያጣል፣ ቤት ሲለቀቅ ከሚጣሉት መካከል ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ እንደታየው ሰፈር በአንድ ጊዜ ሲነሳማ ለማገላበጥም ጊዜ የለም።

አስናቀችን ማን ያላወቃት አለ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ስሟ ታውቋል፤ ሙዚቃዋ ግን ከስሟ ኋላ ቀርቷል። ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው በሚተውኑበት ዘመን፣ በ1945 ዓ.ም. ግድም፣ «ዳዊትና ኦሪዮን» በተባለው ቴአትር መድረክ ላይ በመውጣቷ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆና ትጠራለች። ውበቷ፣ አለባበሷና ድፍረቷም ይወራል። መስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ አገር ያዘነው በአብዛኛው ለዚህች ሴት ነበር። ክራር ደርዳሪዋ ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው የምትነሳው። እንደኔ ግምት ግን መቅደም የነበረባት እሷ ናት። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በባንድ የሚዘፍን ሰው መለከቱ የሚገባበትን ቦታ መጠበቅ አለበት፤ የተጻፈው ቅንብር ይገዛዋል። ክራሯን ራሷ የያዘች ዘፋኝ ማንንም አትጠብቅም። ስንኙ እንዲከብድ ስትፈልግ ጣቷን ትይዛለች፣ እንዲያልፍ ስትፈልግ ትለቀዋለች፤ ዜማው የሚሄደው በግጥሙ እርምጃ ነው። ካሳ ተሰማም ሜሪ አርምዴም የዚሁ መንገድ ሰዎች ናቸው፤ የእነሱ ሸክላዎች የተለየ እርከን የሚገባቸውም ለዚህ ነው።

ከአስናቀች ሥራዎች አንዱ ደግሞ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። በ1967 ዓ.ም. ግድም በወጣው ሸክላዋ ያጀባት የዋሊያሱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ነው። ክራር በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ይቃኛል፤ ኦርጋን ተቃኝቶ ከፋብሪካ ይወጣል። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ወይ ክራሩ ወደ ኦርጋኑ ይጠጋል፣ ወይ ልዩነታቸው ይሰማል። ስለ ሙዚቃችን መዘመን ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን አሮጌው ለአዲሱ የት ላይ እንደተበገረ፣ የት ላይ እንቢ እንዳለ በጆሮ የሚመረመርበት ማስረጃ እንዲህ ያለው ነው። በዚያው ሰሞን አብዮቱ ከነሰዓት እላፊው መጣ፤ ውቤ በረሃን የመሰለ የማታ ዓለም ተዘጋ። ሸክላው የተቀረጸው በር ሊዘጋ ሲል ነው ማለት ይቻላል።

ፈረንጆች ትዝታን የኢትዮጵያ ብሉዝ ይሉታል፤ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ እትም 10ኛው ቅጽም የወጣው በዚህ ስያሜ ነው። ንጽጽሩ በሙዚቃው በኩል ያነክሳል፤ በመሰብሰብ በኩል ግን ትልቅ ትምህርት አለው። ፓራማውንት የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ አንቀጽ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ነው) ቻርሊ ፓተንንና ስኪፕ ጄምስን የመሰሉ የገጠር ብሉዝ ዘፋኞችን ቀረጸ። ኩባንያው ሲዘጋ ሸክላ የሚታተምባቸው የብረት ቅርጾች ጠፉ፣ ለቁርጥራጭ ብረት የተሸጡም አሉ። ዛሬ የእነዚህ ሰዎች ድምፅ የሚሰማው ጥቂት ሰዎች በር እያንኳኩ ከየቤቱ አሮጌ ሸክላ ስለለቀሙ ነው። ስኪፕ ጄምስ በ1931 ቀርጾ ተረስቶ ሳለ በ1964 ወጣት አድናቂዎች ፈልገው ሆስፒታል ውስጥ አገኙት፤ ፍለጋውን ያስጀመራቸው ከሞት የተረፈ ሸክላ ነው። የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። በ1984 ፈረንሳይ፣ ፖቲዬ ከተማ ውስጥ አንድ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ባይደመጥ ኖሮ ፋልሴቶ ወደ አዲስ አበባ አይመጣም፤ በ1986 «እሬ መላ መላ» ቤልጅየም ውስጥ ዳግም አይታተምም፤ በ1998 የተጀመረው ኢትዮፒክስም፣ በ2003 በ16ኛው ቅጽ የወጣው የአስናቀች ሥራም አይኖርም። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የአስናቀች ሸክላ እንደገና የታተመውም በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ፈረንጆቹ ካሳተሙት እኛ ምን ጎደለን? ኢንተርኔት ላይስ ሞልቶ የለ? ይህ ቀላል የማይባል ጥያቄ ነው፣ ለመስማት ብቻ ከሆነ በቂ መልስም ነው። ነገር ግን ኢንተርኔት ላይ ከሚገኘው ብዙው ከካሴት የተቀዳ ነው። ካሴቱ ከፈጠነ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከዘገየ ይወፍራል፤ የክሩ ድምፅ የመጨረሻ እስትንፋስ በካሴት ሹክሹክታ ይዋጣል። ሸክላው መሐል ላይ የታተመው ቁጥር፣ የአሳታሚው ስምና የደራሲው ስምም እዚያ የለም። ዳግም የሚያሳትም ሰው ደግሞ የሚመርጠው ለራሱ አድማጭ ነው፣ ባይመርጥ ነው የሚገርመው። የተቀረውን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፤ እኛ ግን አለብን።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ ከባህሉ ወገን የሚመጣው ነው። ክራር የሚኖረው በሰው መሐል ነው፤ ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ በሚይዝ ሸክላ ጀርባ ትዝታን አጥሮ ማስቀመጥ ምን ዋጋ አለው፣ ገንዘቡ ዛሬ ለሚዘፍኑት አዝማሪዎች አይሻልም ወይ ይባላል። ስለ ማጠሩ እስማማለሁ፤ ሸክላ የሌሊት ጨዋታን አያክልም። ነገር ግን አስናቀችን ዛሬ ሄዶ የሚያዳምጥበት ቤት የለም። አዲሱ ደርዳሪ የእሷን አጨዋወት ሊማር፣ ሊከራከረውም ቢፈልግ የሚቀርበው ያ አጭር ሸክላ ነው። ሸክላ ስላለን ቅጂ እናባዛ ማለቴም አይደለም፤ የአርቲስቱና የአሳታሚው መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው፣ ሸክላውን የገዛ ሰው ዘፈኑን አልገዛም።

ለዚህ ሥራ ከስድስት ኪሎ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በዚያው አካባቢ ነው፤ ተማሪ ክራር ይዞ በእግሩ ሊደርስ ይችላል። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በታሪኩ ያውቀዋል። ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ቤተ መጻሕፍት ሲመራ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን መልቀም የጀመረው ዋጋቸው ገና ብዙ ሰው ሳይገባው ነው። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቀው የተቋሙ ሙዚየም የሥዕል ስብስብ መሠረቱ ያ ነው። ያኔ ሥዕሎቹ ላይ የተደረገው ዛሬ ለክራር ሸክላዎች ቢደረግ የሚጠይቀው አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ደህና ማጫወቻና ለማንም የሚታይ ዝርዝር ነው።

እስከዚያው ድረስ ቤትዎ የአስናቀች፣ የካሳ ወይም የሜሪ ሸክላ ካለ አይጣሉት፣ ለማያውቁትም ሰው በርካሽ አይስጡት። እንደ መጽሐፍ አቁመው፣ ፀሐይ ከማይመታው ቦታ ያኑሩት፤ ባረጀ መርፌ አያጫውቱት። መሐሉ ላይ ያለውን ቁጥርና ስም ወረቀት ላይ ይገልብጡ፣ ከማን እንደደረስዎም ይጨምሩበት፤ ወረቀቱ ከሸክላው ጋር በአንድ ሽፋን ውስጥ ይቀመጥ።