ኪሎ ነው ፓውንድ?

አውሮፕላን ውስጥ ገብተው ቀበቶዎን ሲያስሩ፣ አብራሪዎቹና ነዳጅ የሚሞሉት ሠራተኞች ምን እንደተባባሉ አስበው ያውቃሉ? የእርስዎ ደኅንነት በዚያች አጭር ንግግርም ላይ የተመሠረተ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 ከሞንትሪያል በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን የሚበረው የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ መለኪያው ስለተበላሸ መጠኑ በእጅ ተሰላ። አዲሱ አውሮፕላን የሚሠራው በኪሎ ግራም ነው፤ የምድር ሠራተኞቹና አብራሪዎቹ ግን ሊትሩን ያባዙት በለመዱት የፓውንድ ቁጥር ነበር። 22,300 ኪሎ የሚያስፈልገው አውሮፕላን ግማሹን እንኳ ሳይዝ ተነሳ። ኦታዋ ላይ እንደገና ቢለካም ያው ስህተት ተደገመ።

ሁለቱም ሞተሮች ሰማይ ላይ ጠፉ። ካፒቴን ሮበርት ፒርሰን አውሮፕላኑን ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በሚገኝ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ አሳረፉት። ከተሳፈሩት 69 ሰዎች አንድም አልሞተም።

ነገሩ ለቤትዎም ይሠራል። ለልጅዎ ሞግዚት «ሽሮፑን አምስት ስጪው» ብለው ሲወጡ፣ አምስት ሚሊ ሊትር ነው ወይስ አምስት ማንኪያ? ቁጥሩን ከነመለኪያው ይናገሩ፤ የሰማችውንም መልሳ እንድትነግርዎ ይጠይቁ። አብራሪዎችም ከመቆጣጠሪያ ማማ የተሰጣቸውን ትእዛዝ መልሰው የሚናገሩት ለዚሁ ነው።