ግድግዳው ከመመረጉ በፊት

በዚህ ሳምንት የምንጽፍላችሁ ስለ ቤት መብራት ነው። መብራት ሲገባ ሁሉም ይደሰታል፤ መደሰትም ይገባል። የኩራዝ ጭስ ይቀራል፤ ማታም ደብተር ይገለጣል። ግን ሽቦውን የዘረጋው ማን ነው? ከዘረጋ በኋላስ ሥራውን ማን አየው? ይኼን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

በር ቢጣመም ይታያል። ጣራ ቢያፈስ ዝናቡ ይናገራል። ሽቦ ግን ጭቃ ከተመረገበት በኋላ ማን ያየዋል? «ልጆቼ፣ አምፑሉ ይኸው በርቷል፤ ሌላ ምን ቀረ?» የሚሉን አባት አይጠፉም። አባታችን፣ በመጥፎ ሥራም አምፑል ይበራል እኮ! ሽፋኑ የተላጠ ሽቦም ያበራል። የቆርቆሮ ጣራ የነካ ሽቦም ያበራል፤ ግን ያን ጊዜ ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

በእውነት የሆነ ነገር እንንገራችሁ። የሆነው በሩቅ አገር፣ በእንግሊዝ ነው። ዘመኑን የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። በ1996 ዓ.ም. አንዲትን የ34 ዓመት ሴት በገዛ ቤቷ፣ ማድ ቤት ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ገደላት። እናቷ የአገሩ ምክር ቤት አባል ስለነበሩ ወሬው በሰፊው ተሰማ። ነገሩ እንዴት ሆነ? ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው ሰያፍ ተቀብሮ ነበር። ከላይ ሲታይ ግን ግድግዳው ደኅና ነው። በኋላ የማድ ቤት ዕቃ የሚንጠለጠልበት የብረት መስቀያ በዚያ ግድግዳ ላይ በብሎን ታሰረ። ብሎኑ ሽቦውን አገኘው። መስቀያውም ኤሌክትሪክ ያዘ። ሴትዮዋ መስቀያውንና ሌላ የብረት ዕቃ አንድ ላይ ስትነካ ኤሌክትሪኩ በሰውነቷ አለፈ።

ሽቦ ቀጥ ብሎ ይሂድ የሚባለው ለምንድን ነው? ለውበት አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያውን ያየ ሰው «ሽቦው ከዚህ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይሄዳል» ብሎ እንዲገምት ነው። በዚያ መስመር ላይ ምስማር አይመታም። ሰያፍ የተቀበረን ሽቦ ግን ጠንቋይም አያውቀው።

በዚያው ወቅት በእንግሊዝ አገር ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ሥራ አዲስ ደንብ ይዘጋጅ ነበር። ደንቡ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከባድ የኤሌክትሪክ ሥራ በቤቱ የሚያሠራ ሰው ለሚመለከተው ቢሮ ያስታውቅ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለአካባቢው የሕንፃ ተቆጣጣሪ ቢሮ ይነገራል፤ ሥራውም ይመረመራል። ወይም ደግሞ በመዝገብ የታወቀ ባለሙያ ይቀጠራል። እሱ ይሠራል፣ ይመረምራል፣ ከጨረሰ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ ያስታውቃል። ባለቤቱም የምስክር ወረቀት ይደርሰዋል። ቤቱ ሲሸጥ ገዢው «ወረቀቱ የታለ?» ይላል።

ታዲያ አምፑል ለመቀየርም ማመልከቻ ይጻፋል? የለም። የተሰበረ ሶኬት በአዲስ ለመተካትም አይጻፍም። ከመጋቢት 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ወዲህ በእንግሊዝ ማስታወቅ የሚያስፈልገው ሥራ ሦስት ዓይነት ነው። ከማከፋፈያው ሳጥን አዲስ መስመር ማውጣት አንዱ ነው። ሳጥኑን ራሱን መቀየር ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ገላ መታጠቢያው አጠገብ ያለውን መስመር መለወጥ ነው፤ እርጥብ ገላ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋልና።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም ሕግ አለን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት እንዲኖረው ያዛል። የሕንፃ አዋጅም ወጥቷል። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ በዋናነት የተመለከተው 10,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ የሚኖርባቸውን ከተሞች ነበር። ስለዚህ የገጠሩን የጭቃ ቤት ሽቦ ላየው ብሎ በር የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ አትጠብቁ። ቆጣሪው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው። ከቆጣሪው ወደ ቤት ውስጥ ያለው ሽቦ ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የሚያሠራውም ባለቤቱ፣ የሚያስመረምረውም ባለቤቱ ነው።

እኛን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ከጎረቤት የሚሳብ መስመር ነው። አንዱ ቆጣሪ ያስገባል፤ ሦስት አራት ጎረቤት ከእሱ ይስባል። ችግሩ ይገባናል፤ ቆጣሪ ለማስገባት ገንዘብም አለ፣ ወረፋም አለ። ግን ቀጭኗ ሽቦ የተሳበችው ለአምፑል ተብላ ነው። አንድ ቀን የእንጀራ ምጣድ ይሰካባታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንት ይበላል? 3,500 ዋት ያህል። አምፑሉ 60 ዋት ቢሆን አንድ ምጣድ የ58 አምፑል ያህል ይበላል ማለት ነው። ደብተር አውጡና አካፍሉት! ቀጭኗ ሽቦ ትግላለች፤ ሽፋኗ ይቀልጣል፤ የሣር ክዳን ካገኘች ቤቱ ይነድዳል። ፊውዝ የተሠራው ይኼ እንዳይሆን ነው። ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ ተቃጥሎ መስመሩን ይቆርጣል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በወፍራም ሽቦ ወይም በምስማር የሚተካ ሰው ዘበኛውን አባሮ ሌባ እንደሚያስገባ ሰው ነው።

እንግዲህ ሽቦ ሊዘረጋ የመጣውን ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ «ወረቀትህን አሳየኝ» በሉት። ነውር የለውም። በወረቀቱ ላይ ስሙን፣ የተፈቀደለትን ሥራና ቀኑን አንብቡ። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ፤ በጣት አሻራ ብቻ የሚታለፍ ነገር የለም። የመሬት መስመሩንም ጠይቁ። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ነው፤ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር ይያያዛል። የብረት ዕቃ ኤሌክትሪክ ቢይዝ ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ቶሎ የሚቀረውም እሱ ነው፤ «ያለ እሱም ይበራል» ይሏችኋል፤ እሺ አትበሉ።

ግድግዳው ሳይመረግ ሌላ ባለሙያ ሥራውን ይየው። ከዚያ በደብተራችሁ አንድ ገጽ ላይ ቤቱን ሣሉ። በሩ የት ነው? ማብሪያ ማጥፊያው የት ነው? ሽቦው በየት በኩል፣ ከመሬት ስንት ክንድ ከፍ ብሎ ያልፋል? የሠራተኛውን ስምና ቀኑን ጻፉበት። ከዓመታት በኋላ ልጃችሁ ለልብስ መስቀያ ምስማር ሊመታ ሲነሣ ያ ገጽ ይታያል።